ሌሊት የሚተነፍስ ቧንቧ፦ ከባሕር ዳር አንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ግቢው

በአንድ ክረምት ልጆች በውሃ ምክንያት ደጋግመው የታመሙበት ግቢ ነው፤ ባሕር ዳር ውስጥ። ሰፈሩን አልናገርም፤ የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም። 4 ብሎክ አለው፤ ወደ 80 አባወራ ይኖርበታል። የከተማው ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት። ሲመጣም ግፊቱ ላይኛው ፎቅ አይደርስም። ስለዚህ ነዋሪው አዋጥቶ ሞተር ገዛ፤ የብረት ማማ አሠራ፤ ማማው ላይ ሁለት ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ሰቀለ። ሞተሩ ውሃውን ወደ ሮቶው ይገፋል። ከሮቶው ደግሞ በራሱ ቁልቁል ወደየቤቱ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ግቢ ከተማው ውስጥ ሞልቷል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ለባሕር ዳር እንግዳ የሆነ ሰው ከተማዋ የጣናን ውሃ የምትጠጣ ይመስለዋል። ሐይቁ ደጅ ላይ ስለሆነ አይፈረድበትም። ከተማዋ ስትጠጣ የኖረችው ግን የምንጭና የጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ነው፤ ክሎሪን ተጨምሮበት ይሰራጫል። ስለዚህ እምቦጩም ሆነ የሐይቁ መደፍረስ በዚህ ጉዳይ ውስጥ እጁ የለበትም። ይህን ያነሳሁት ግቢው ውስጥ ሐይቁን የሚወቅስም ስለነበር ነው።

እኔ የውሃ ጥራት ባለሙያ ነኝ። ግቢው ውስጥ የምትኖረው እህቴ ናት። የጠራችኝም እሷ ናት፤ ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ችግሩ

በሐምሌ መጨረሻ ሁለት ሦስት ልጆች ተቅማጥ ያዛቸው። ማንም ልብ አላለውም። ክረምት ነው፤ የበቆሎ እሸት ገብቷል፤ የልጅ ሆድ ይሻክራል ተባለ። ፍልሰታ ሲጋመስ ግን ከየብሎኩ የታመመ ልጅ ይቆጠር ጀመር። ትልልቆቹም የሆድ ቁርጠት ያማርሩ ነበር። ክሊኒክ የሄዱት በሰገራ ምርመራ ብዙዎቹ ጃርዲያ ተባሉ፤ አንዳንዱ አሜባ። መድኃኒቱን ጨርሰው ይድናሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለስባቸዋል። የእህቴ ልጅ በአንድ ክረምት ሦስት ጊዜ ታከመ።

በቆሎው የማያስኬድ መሆኑን መጀመሪያ የተናገረች አንዲት እናት ናት። «የኔ ልጅ ገና ጥርስ አላወጣም» አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ዞሮ ሮቶውን አየ።

መጀመሪያ የተሞከረው

ኮሚቴው ፈጥኖ ነው የተንቀሳቀሰው፤ ይህን ላመሰግን። ሮቶዎቹ ታጠቡ። ወለላቸው ላይ ጣት የሚያክል ደለል ተገኘ። ፎቶ ተነስቶ በግቢው የቴሌግራም ቡድን ተለቀቀ። ሰው «ይኸው ጉዱ!» አለ። ከዚያ ክሎሪን ተገዛ፤ በየማታው እንዲጨምር ዘበኛው ታዘዘ።

ከኮሚቴው አንዱ ናሙና ቀድቶ ላብራቶሪ ወሰደ። ውጤቱ «ኢ.ኮላይ 0» ሆኖ መጣ፤ ኢ.ኮላይ ውሃው ሰገራ እንደነካው የሚጠቁም ባክቴሪያ ነው። ወረቀቱ በር ላይ ተለጠፈ። የኢትዮጵያ አስገዳጅ የመጠጥ ውሃ ደረጃም የሚለው ይህንኑ ነው፦ በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድም ኢ.ኮላይ መገኘት የለበትም። ስለዚህ ውሃው አለፈ። ልጆቹ ግን መታመማቸውን አልተዉም።

እኔ ስደርስ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ናሙናው በምን እንደተቀዳ ነበር። በሃይላንድ። መቼ? ማታ፣ ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ። ላብራቶሪ የደረሰው መቼ? በማግስቱ ጠዋት። ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ክሎሪን ያለበት ውሃ ተራ ጠርሙስ ውስጥ ሲያድር ክሎሪኑ ጠርሙሱ ውስጥም ሥራውን ይቀጥላል። ያለውን ባክቴሪያ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው የናሙና ጠርሙስ ከመንጻቱ ሌላ ጥቂት ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚጨመርበት፤ ክሎሪኑን እዚያው ያከሽፈዋል። ከዚያ በበረዶ ሳጥን በቶሎ መድረስ አለበት። በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስለ ግቢው ውሃ ሳይሆን ስለዚያ ሃይላንድ ነበር የሚናገረው።

የሻይ ብርጭቆው

በማግስቱ ማታ የክሎሪን መለኪያዬን ይዤ ከእህቴ ኩሽና ቀዳሁ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ፣ አንድ ዲፒዲ ክኒን፣ ከዚያ የሮዝ ቀለሙን ከቀለም ሰሌዳው ጋር ማስተያየት። ክሎሪን ሲበዛ ሮዙ ይደምቃል። ክኒኑን ጣልኩ። ለአንድ ቅጽበት ሮዝ ብልጭ አለና ጠፋ። ውሃው ጥርት ብሎ ቀረ።

«ዜሮ» ብዬ ልጽፍ ነበር። እህቴ ከኋላዬ «ኧረ በረኪና በረኪና ይሸታል!» አለች። እውነቷን ነው። ክሎሪኑ በጣም ሲበዛ የመለኪያውን ቀለም ራሱን ያነጣዋል። ያላወቀ ሰው ክሎሪን የለም ብሎ ሌላ ይጨምርበታል። አንድ እጅ ውሃ ወስጄ በዘጠኝ እጅ የታሸገ ውሃ አቀጠንኩት፤ ያነበብኩትን በአሥር አባዛሁት። በሊትር 12 ሚሊግራም ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚፈቅደው ጣሪያ 5 ነው።

ዘበኛውን ምን ያህል እንደሚጨምር ጠየቅሁት። የሻይ ብርጭቆውን አሳየኝ። «ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ» አለ። እሱ ላይ ጥፋት የለም፤ ያዘዘው ሰው ነው «አንድ ብርጭቆ» ያለው። የሻይ ብርጭቆ ሙሉ ዱቄት 100 ግራም ገደማ ነው። 65 በመቶው ክሎሪን ከሆነ 65 ግራም። ሙሉ ሮቶ ውስጥ ቢገባ በሊትር 6.5 ሚሊግራም ይሆናል። ማታ ማታ ግን ሮቶው ግማሽ ነው። ለ10,000 ሊትር 1 ሚሊግራም በሊትር ለማግኘት የሚያስፈልገው 15 ግራም ብቻ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ገደማ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከዚያው ኩሽና ደግሜ ለካሁ። ሮዝ የሚባል የለም፤ ሽታም የለም። አቅጥኜም ሳላቀጥንም ሞከርኩት። ማታ 12 የነበረው ጠዋት ባዶ። ያን ሁሉ ክሎሪን ሌሊቱን አንድ ነገር በልቶታል። ክሎሪን ንጹሕ ውሃ ውስጥ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይጠፋም። የሚጠፋው የሚያቃጥለው ቆሻሻ ሲያገኝ ነው።

የዘበኛው ልጆች

እዚህ ላይ ከመሣሪያ ይልቅ ወሬ ጠቀመኝ። የግቢው ሰዎች ደጅ ያለችው ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ በሽታው ሲያወሩ አንዱ «የዘበኛ ልጅ ሆዱ ብረት ነው፤ ሦስቱም አንድ ቀን አላማቸው» አለ። ተሳቀ። እኔ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

የዘበኛው ቤተሰብ የሚኖረው በሩ አጠገብ ባለች ክፍል ነው። ውሃ የሚቀዱት ከበሩ ቧንቧ ነው፤ ቆጣሪው እንዳለፈ ወዲያው ካለችው። ሻይ ሻጯም ከዚያችው ነው የምትቀዳው። እሷም ደንበኞቿም አልታመሙም። የቀረው ግቢ የሚጠጣው በሞተርና በሮቶ ያለፈውን ነው። ስለዚህ ከተማው መስመር ላይ ያለው ውሃ ደኅና ነው፤ የሚበላሸው ከቆጣሪው ወዲህ ነው። ሮቶው ታጥቧል። የቀረው ከበሩ እስከ ሞተሩ ያለው 40 ሜትር የሚሆን፣ መሬት ውስጥ የተቀበረ መስመር ነው።

ዘበኛውን «ጋሼ፣ ይቺ ቧንቧ ላይ የተለየ ነገር አይተው ያውቃሉ?» አልኩት።

«ልጄ፣ ሌሊት ትተነፍሳለች» አለኝ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት

አደርኩ። ዝናብ ነበር። 9 ሰዓት ላይ ውሃ መጣ፤ በደካማው። የበሩን ቧንቧ ከፍቼ ለካሁ፦ በሊትር 0.4 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን (ውሃው ውስጥ ሳይበላ የተረፈው)። ጥሩ ነው፤ ቧንቧ ላይ ቢያንስ 0.2 ይበቃል። ላብራቶሪ የሚሄደውንም ናሙና ቀዳሁ፤ በትክክለኛው ጠርሙስ።

ከዚያ ሞተሩ ይነሳ አልኩ። እንደተነሳ የበሩ ቧንቧ ውሃ መስጠቱን አቆመ። ዝም ቢል አይገርምም ነበር፤ ፉጨት ጀመረ። መዳፌን አፉ ላይ ገጠምኩት። መዳፌን ሳበው። እንዳይለቀኝ አድርጎ ያዘኝ። ዘበኛው በባትሪ እያበራልኝ «አላልኩህም?» አለ።

ነገሩ ይህ ነው። ሞተሩ የሚፈልገው ውሃ የከተማው መስመር በዚያ ሰዓት ከሚሰጠው ይበልጣል። የጎደለውን ለማሟላት ቧንቧውን ይመጠምጠዋል። በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር በታች ይወርዳል። ያኔ መስመሩ ላይ ያለ ቀዳዳ ሁሉ አቅጣጫው ይገለበጣል። ግፊት ሲኖር ውሃ የሚያወጣው ቀዳዳ፣ ሞተሩ ሲስብ በዙሪያው ያለውን ያስገባል።

ሞተሩ ከተነሳ አሥር ደቂቃ በኋላ ከመውጫው ቀዳሁ። ዲፒዲው ምንም ቀለም አልሰጠም። ውሃውን በባትሪ ሳየው ደፈርስ ብሏል። ስለ ሽታው ባልናገር ይሻላል።

ከሁለት ቀን በኋላ የላብራቶሪ ውጤቱ መጣ። ከበሩ የተቀዳው ኢ.ኮላይ 0። ከሞተሩ መውጫ የተቀዳው ለመቁጠር እስኪያስቸግር ድረስ የበዛ።

ቁፋሮው

የት እንደምንቆፍር የነገረን የዘበኛው በግ ነው ማለት ይቻላል። ለፋሲካ የገዛውን በግ በጋውን ሙሉ አንድ ቦታ ያስረው ነበር። «ሳሩ የማይደርቀው እዚህ ጋ ብቻ ነው» አለ። በጋ የማይደርቅ ሳር ከቧንቧ መስመር በላይ ሲገኝ ሥሩ ውሃ ያፈሳል ማለት ነው። ቦታው ደግሞ ከአንዱ ብሎክ ሴፕቲክ ታንክ (የሽንት ቤት ፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ሁለት እርምጃ ነው።

ከግማሽ ሜትር በታች ተገኘ። የብረት ክርን (የቧንቧ መታጠፊያ) ነው፤ ዝጎ ተበልቷል። ከዓመታት በፊት አንድ ሰው በጎማ ካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልሎት ሄዷል። ካላማዳሪው ከውስጥ ወደ ውጭ ለሚገፋ ውሃ ትንሽ ይረዳል። ከውጭ ወደ ውስጥ ለሚሳብ ግን ምኑም አይደለም። በዙሪያው ያለው አፈር ጥቁር ነበር። ሴፕቲክ ታንኩ በክረምት ሞልቶ በጎኑ ያፈሳል፤ አፈሩም በዝናብ ጠግቧል። በበጋ ብዙ ሰው ያልታመመው ለዚህ ይመስለኛል፤ ቀዳዳው በበጋም ነበረ፣ የሚስበው ቆሻሻ ግን አነስተኛ ነበር።

ኮሚቴው ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆሞ ዝም አለ። ሰብሳቢው «ይኸን ነው የጠጣነው?» አለና ሄደ።

ጥገናው

ሁለት ሐሳብ ነበር። አንደኛው ክርኑን ቀይሮ መድፈን። ርካሽ ነው፤ ብዙው ሰው ይህን ፈለገ። እኔ አልተስማማሁም። ሞተሩ በቀጥታ ከመስመር እየሳበ እስካለ ድረስ የሚቀጥለው ቀዳዳ የት እንደሚወጣ አይታወቅም። ደግሞ መምጠጡ የኛን ቧንቧ ብቻ አይደለም የሚነካው፤ የጎረቤትንም መስመር ያደክማል፤ የሰውንም ውሃ ያበላሻል። ክርክሩ ሦስት ስብሰባ ፈጀ። አንዱ «እኛ ያዋጣነው ለሮቶ እንጂ ለቧንቧ አይደለም» ብሎ ረግጦ ወጣ። በኋላ ከፈለ።

በመጨረሻ የተሠራው ይህ ነው። በሩ አጠገብ መሬት ላይ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ ተቀመጠ። የከተማው ውሃ በራሱ ግፊት ይገባበታል፤ ሲሞላ ራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ቫልቭ አለው፤ መግቢያው ከውሃው ወለል ከፍ ያለ ነው። ሞተሩ የሚስበው ከዚህ ሮቶ ብቻ ነው። የድሮው መስመር ተቆርጦ ቀረ፤ አዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ ከሴፕቲክ ታንኩ ርቆ በአጥሩ ጥግ ተዘረጋ። ታንኩም በመምጠጫ መኪና ተጠረገ።

ከዚያ መስመሩ በሙሉ በክሎሪን ታጠበ። ለዚህ በሊትር 50 ሚሊግራም ተጠቀምን፤ ለእያንዳንዱ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ 770 ግራም ዱቄት ማለት ነው። እያንዳንዱ ቤት ሽታው እስኪመጣ ቧንቧውን ከፍቶ ዘጋ። ሌሊቱን ማንም እንዳይጠጣ፣ ልብስም እንዳያጥብ በየበሩ ተነገረ። ጠዋት ፈሰሰ። ሲፈስ ወደ ጎርፍ ቦይ እንዳይለቀቅ አደረግን፤ የኛ ቦይ መድረሻው ሐይቁ ነው፣ እንዲህ የበረታ ክሎሪን ደግሞ ዓሣ ይጎዳል። በባዶው መሬት ላይ ቀስ ተብሎ ተለቀቀ።

ያልሠራው

ጥገናው እስኪያልቅ ሳምንታት አልፈዋል። በመሐል ያደረግነው አብዛኛው ነገር አልሠራም።

«አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን ለጠፍን። ምክሩ ትክክል ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ያም ለጃርዲያም ለባክቴሪያም ከበቂ በላይ ነው። ግን ከሰሉስ? መብራት ሲጠፋስ? ያፈሉትም ቢሆን አፉ በሰፋ ድስት አቀዝቅዘው ልጁ በእጁ ባለው ኩባያ ይጨልፋል። በጠባብ አፍ ጀሪካን አቀዝቅዙ ማለት ነበረብን። ረሳነው።

የቤት ክሎሪን መድኃኒት ለየቤቱ ተሰጠ። «ቡናውን አበላሸው» ተብሎ ከሦስት ቀን በላይ አልቆየም። እውነት ለመናገር ለጃርዲያ ያን ያህል አይታመንም ነበር። ክሎሪን ባክቴሪያን በፍጥነት ይገድላል፤ የጃርዲያ ጠንካራ ሽፋን ግን ረዘም ያለ ጊዜና ከፍ ያለ መጠን ይጠይቃል።

የሠራው ቀላሉ ነው፦ ለመጠጥ የሚሆነውን ሁሉም ሰው ሞተሩ በማይነሳበት ሰዓት ከበሩ ቧንቧ እንዲቀዳ ማድረግ። ሰልፍ ነበር፤ ጭቅጭቅ ነበር። ግን ሰው የዘበኛውን ልጆች ሲያይ አመነ።

ውጤቱ

ከጥገናው በኋላ ለሦስት ወር በየወሩ ከሦስት ቦታ ናሙና ወሰድን፤ ሁሉም 0 ሆነ። የታመመ ልጅም አልተሰማም። በዚህ ብዙ አልተኩራራሁም። ጥገናው ያለቀው ጥቅምት ላይ ነው፤ ክረምቱ ራሱ ወጥቶ ነበር። ምንም ሳንሠራም በሽታው ይቀንስ ነበር። እውነተኛው ፈተና ቀጣዩ ክረምት ነው። እሱም አለፈ። እህቴ ልጁን አንድ ጊዜ ክሊኒክ ወስዳዋለች፤ ለጉንፋን።

ለሌላ ግቢ የሚሆን

ሞተራችሁ ከምን እንደሚስብ እዩ። ከመሬት ሮቶ ካልሆነ፣ ከመስመር ከሆነ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ እሱን አስተካክሉ። ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ ሲነሳ ከሞተሩ በፊት ያለ ቧንቧ ክፈቱና መዳፋችሁን ግጠሙበት።

ውሃ መቼ እንደሚቀዳ ከየት እንደሚቀዳ ያህል ያስፈልጋል። እኛ ጋ ማታ የተለካው አንድ ነገር አለ፤ ጠዋት የተለካው ሌላ። ቀን ቀን ብቻ ብመጣ ኖሮ ምንም አላገኝም ነበር። ባለሙያ ስትጠሩ ሌሊት እንዲያድር አድርጉ። ሻይ አቅርቡለት።

ያልታመመውን ጠይቁ። ሁሉም የታመመውን ነው የሚቆጥረው።

ስለ ደንብም አንድ ነገር ልበል። ጥራቱ መታየት ያለበት ሰው በሚጠጣበት ቧንቧ ላይ ነው። አሠራሩ ግን ቆጣሪ ላይ ይቆማል፤ ከቆጣሪ ወዲህ ያለው የደንበኛው ነው። ሮቶና ሞተር ያለው ግቢ ሳያውቀው ትንሽ የውሃ ድርጅት ሆኗል። 80 አባወራ ያጠጣል፤ ባለሙያ የለውም፤ የሚጠይቀውም የለም። ኮሚቴው ስለ ጥበቃ ደሞዝና ስለ መኪና ማቆሚያ ቃለ ጉባኤ ይዟል። ስለ ውሃ አንድ ገጽ አልነበረውም።

አሁን አለው። ጥበቃ ክፍሉ ውስጥ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ደብተር ነው። በየሁለት ቀኑ ጠዋት የአንድ ኩሽና ቀሪ ክሎሪን ይጻፍበታል። ባለፈው ዓመት ከኅዳር 3 እስከ 21 ያለው ገጽ ባዶ ነው። ዘበኛው ለቀብር አገር ቤት ሄዶ ነበር፤ ለማን አደራ እንደሚሰጥ የነገረው አልነበረም። ሲመለስ ለካ፤ 0.1 አገኘ፤ ያንኑ ቀን ደወለልኝ። ተንሳፋፊው ቫልቭ ተጣብቆ ውሃው ሮቶው ውስጥ ቆይቶ ነበር፤ ተስተካከለ። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ሰው ሠልጥኗል። ሻይ ሻጯ ናት። የእጅ ጽሑፏም ከሁላችን ያምራል።